ቀይ ቀለም የጠፋበት ስክሪን፦ የአቅራቢን መሣሪያ ከአዳራሽ ማሳያ ጋር ስለ ማገናኘት
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ገመድ ነው። ርእሱን የሰሙ አንድ ባልደረባዬ «ለዚህ ቴክኒሻኑ አይበቃም ወይ?» ብለውኛል። (ሳቅ) ቢበቃማ ኖሮ እዚህ ባልቆምሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ አዳራሽ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ተማሪዋ ያጠናችው የቡና አለቃቀምን ነው፤ የበሰለው ቀይ እሸት ብቻ ተመርጦ ሲለቀምና ሁሉም አንድ ላይ ሲለቀም የሚኖረውን ልዩነት። ከተሰጣት ሃያ ደቂቃ አሥራ ሁለቱ ላፕቶፗን ከፕሮጀክተሩ ጋር ለማገናኘት ሲታገሉ አለቀ። በመጨረሻ ምስሉ መጣ። ነጩ ገጽ ትንሽ ወደ ውሃ ሰማያዊ አድልቶ ነበር፤ ማናችንም ልብ አላልነውም። ቀዩ የቡና ፍሬ ግን ግድግዳው ላይ ጥቁር ሆኖ ታየ። እናንተ የሚዛን፣ የሸኮና የቴፒ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ፍሬ ማለት ዛፉ ላይ የደረቀ ማለት ነው። አንድ ፈታኝ «ልጄ፣ በበሰለውና በደረቀው መካከል ያለው ልዩነት የታለ?» ብለው ጠየቁ። እርሷ ፊቷ ባለው ላፕቶፕ ላይ ቀዩን እያየች ታስረዳለች፤ እኛ ግድግዳው ላይ ጥቁሩን እያየን እንሰማለን። ነጥብም በዚያው ልክ ሰጠናት። እኔም ሰጥቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ የራሴን ላፕቶፕ በዚያው ገመድ ስሰካ የእኔም ገጽ ሰማያዊ ሆነ። ገመዱን ነቅዬ ጫፉን አየሁት፤ አንዲት ፒን ተጣምማለች። ውጤቱ ተከፍቶ እንደገና እንዲታይ ያመለከትሁት የዚያን ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪጂኤ የምንለው ማገናኛ እ.ኤ.አ. በ1987 ከአይቢኤም ኮምፒውተሮች ጋር የመጣ ሲሆን 15 ፒኖች አሉት። አንደኛዋ ቀይን፣ ሁለተኛዋ አረንጓዴን፣ ሦስተኛዋ ሰማያዊን ትሸከማለች። አንደኛዋ ከተጣመመች ምስሉ አይጠፋም፤ ቀዩ ብቻ ይወጣል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ጨርሶ ቢጠፋ ኖሮ ሁላችንም ብልሽት መሆኑን ባወቅን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ የወጣው ኤችዲኤምአይ ምስሉን በዲጂታል ስለሚልክ እንዲህ አንድ ቀለም ብቻ ነጥሎ አይጥልም፤ ሲታወክ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

ከዚህ በፊት ግን ሰላምታ አለ። እኛ ተገናኝተን ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እንደምንጠያየቅ፣ ላፕቶፑም ስክሪኑን «ማን ነህ? ስንት በስንት ታሳያለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በ128 ባይት ተጽፎ ማሳያው ውስጥ የተቀመጠ አጭር መታወቂያ ነው። በቪጂኤ ይህ ወሬ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። አንዳንድ ርካሽ ረጃጅም ገመዶች እነዚህ ሽቦዎች የላቸውም፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑ በግምት ይልካል፤ ገጹም ተቆርጦ ወይም ተለጥጦ ይታያል።

መቀየሪያውስ? ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚወስደው ቁራጭ ተራ ገመድ አይደለም፤ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚተረጉም ወረዳ በውስጡ አለው። የዩኤስቢ-ሲ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ቀዳዳው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ ምስል ያወጣል፣ ሌላው ባትሪ ከመሙላትና ፋይል ከማስተላለፍ አያልፍም። ላፕቶፕ ስትገዙ ይህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

«ታዲያ ፋይሉን በፍላሽ ወደ አዳራሹ ኮምፒውተር መውሰድ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ለጻፈ ይሆናል። በአማርኛ ለጻፈ ግን ሌላ ጣጣ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ቀደም የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ዛሬም በእነርሱ የሚጽፉ አሉ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። በዩኒኮድ ለጻፈም ቢሆን ኒያላ ፎንት በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ተፈልጎ የሚጫን ሆኗል፤ በምትኩ ሌላ ፎንት ሲገባ መስመሩ ይሰበራል፤ ሠንጠረዡም ከገጹ ይወጣል። ስለዚህ ሰው በራሱ መሣሪያ ማቅረብ መፈለጉ ቅብጠት አይደለም።

የእኛ ክልል ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ማዕከሎቹን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ያከፋፈለ ነው። ባለሙያው ላፕቶፑን አንግቦ ከከተማ ከተማ፣ ከአዳራሽ አዳራሽ ይዞራል፤ በየአዳራሹም ከማያውቀው ስክሪን ጋር ይተዋወቃል።

ገመድ አልባውን የምትወዱ ወጣቶች አትቀየሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ሚራካስት በመሣሪያዎቹ መካከል በቀጥታ ስለሚገናኝ የግቢ ዋይፋይ አይፈልግም፤ አይፎን ግን አይቀበለውም። በግቢው ኔትወርክ በኩል የሚያልፉት ሌሎቹ ደግሞ፣ ኔትወርኩ ለደኅንነት ሲባል መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ከለየ፣ ስክሪኑን አያገኙትም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳም ተቀባዩ ሳጥን እንደ አዲስ ይጀምራል። ስልካችሁን የምታንጸባርቁ ከሆነ ደግሞ መልእክቶቻችሁን ዝጉ፤ የቴሌብር ቀሪ ሒሳቡን ለጉባኤ ያሳየ ሰው አይቻለሁ። (ሳቅ)

እኔ የምለው፣ በየአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደህና የኤችዲኤምአይ ገመድ ይኑር፤ ከነመቀየሪያዎቹ፣ እንዳይወሰዱ ታስረው። ገመድ አልባው ተጨማሪ ይሁን። በፈተና ጊዜም ሰዓቱ የሚቆጠረው ተማሪው ከተጠራበት ሳይሆን ምስሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ግድግዳው ላይ ከታየበት ደቂቃ ይሁን። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ይበቃዋል፤ በሚቀጥለውም ስብሰባ አጀንዳ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ያች ባለ ጠማማ ፒን ገመድ ይችውና፤ አዳራሹ ሊጥላት ሲል ለምኜ ወስጃታለሁ። ስንጨርስ ቀርባችሁ ፒኖቿን ቁጠሩ። 14 ብቻ ብታገኙ አትደንግጡ፤ ዘጠነኛዋ በብዙ ገመዶች ላይ ከፋብሪካውም የለችም። እናንተ የመጀመሪያዋን እዩ።