ብቻውን የሚናገር አውታር



በጅማ ከተማ በአወቱ መንደራ ያላችሁ ወጣቶች ጊታርን የምታውቁት አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኝን ሲያጅብ ይሆናል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ያለ ዘፋኝና ያለ አጃቢ ብቻውን ስለሚደመጠው ጊታር ነው።

በእንዲህ ያለው ዝግጅት አንድ ሰው በወንበር ተቀምጦ የብዙ ዘመን ዜማ በተራ ያሰማል። መጀመሪያ የጀርመናዊውን የባህን (1685–1750) ሥራ ይጫወታል፤ አውራ ጣቱ ወፍራሙን ድምፅ ሲይዝ ሌሎቹ ጣቶች ሌላ ዜማ ያወጣሉና ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩ ይመስላል። ቀጥሎ የእስፓኛው ታሬጋ (1852–1909) ይመጣል፤ በእርሱ ሥራ አንዱ አውታር ቶሎ ቶሎ እየተመታ ድምፁ እንደ ምንጭ ሳይቋረጥ ይፈሳል። በመጨረሻ የብራዚሉ ቪላ ሎቦስ (1887–1959) ይሰማል። እርሱም የሪዮ ዴ ጃኔሮን የጎዳና ተጫዋቾች ዜማ ሳይንቅ ከታላላቆቹ ተራ ያስገባ ሰው ነው።

እኛም ይህን ለማድረግ የሚያንሰን ነገር የለም። በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረው ግርማ ይፍራሸዋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ በሶፊያ ፒያኖ ተምሮ፥ የአውሮፓን ደራስያን ሥራና በአገራችን ቅኝት የደረሰውን በአንድ መድረክ ብቻውን አሰምቷል። አስናቀች ወርቁና ካሣ ተሰማም በአንድ ክራርና በገዛ ድምፃቸው የሕዝብን ልብ ይዘዋል።

ክራር 5 ወይም 6 አውታር አለው። ተጫዋቹ አውታሮቹን እንደገና እየቃኘ ከትዝታ ወደ ባቲ፥ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ቢሻገር፥ ለአንድ ምሽት የሚበቃ ሙሉ ዝግጅት ይሆናል። ነገር ግን የክራርም የጊታርም ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ወሬ በበዛበት ይሞታል። ዝም ብሎ የሚያደምጥ ከጠፋ፥ ተጫዋቹም ወይ ድምፅ ማጉያ ይፈልጋል፥ ወይ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል።

ስለዚህ የአወቱ መንደራ ሰዎች ሆይ፥ አንድ ምሽት ቡናው ተጠጥቶ ሲኒው ሲነሣ፥ ከሰፈራችሁ አንድ ክራር ወይም ጊታር የሚያውቅ ወጣት ጥሩና በመካከላችሁ አስቀምጡት። ልጆቹን ዝም አሰኙ፤ በሩን ገርበብ አድርጉ፤ ይህን የእኔን ድምፅ የሚያመጣላችሁን ራዲዮ እንኳ ዝጉና አድምጡት።