ማኅተምና ውክልና፦ ኮምፒዩተር የተጠቃሚ ለውጥ ሲከለክል



በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ከተማ የሚገኝ አንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት በኡቡንቱ የሚሠራ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አለው እንበል። አንድ ሠራተኛ አዲስ ማተሚያ ለማገናኘት «ሱ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ዋናው አስተዳዳሪ፣ ይኸውም ወደ «ሩት»፣ ለመለወጥ ይሞክራል። የይለፍ ቃሉን በትክክል ይጽፋል፤ መሣሪያው ግን አይቀበለውም። ባለሙያ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ድረስ ሥራው ይቆማል። እንዲህ ያለው ክልከላ በጉልበት ከመጣሱ በፊት በቅደም ተከተል ሊመረመር ይገባል።

በመጀመሪያ የተጠየቀው የማን የይለፍ ቃል እንደ ሆነ መለየት ያሻል። «ሱ» የሚጠይቀው ልንሆነው የፈለግነውን ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ነው፤ «ሱዱ» ግን የራሳችንን። የፊተኛው የኃላፊን ማኅተም አሳልፎ እንደ መስጠት፣ የኋለኛው በውክልና እንደ ማሠራት ነው። ማኅተሙ በብዙ እጅ ከገባ የትኛው ደብዳቤ በማን እንደ ወጣ አይታወቅም። ውክልና ግን ስምና ወሰን አለው፤ «ሱዱ»ም የፈጻሚውን ስምና ትእዛዙን በመዝገብ ያሰፍራል። ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የጻፉት ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱም ይህንኑ መንገድ መርጦ የሩትን የይለፍ ቃል ዘግቶ ይጫናል። ስለዚህ የሠራተኛችን «ሱ» ሊሳካ አይችልም፤ የተጠየቀው ማኅተም ከቶ አልተቀረጸምና።

«ሱዱ»ም እምቢ ካለ ሁለት ነገሮች ይታዩ። አንደኛው የፊደል ሰሌዳው ነው። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ፊደሉ ስለማይታይ፣ ሰሌዳው በአማርኛ ላይ ቢሆን ጸሐፊው ላያስተውለው ይችላል። ሁለተኛው አባልነት ነው። «አይዲ» የሚለው ትእዛዝ ተጠቃሚው በ«ሱዱ» ቡድን ውስጥ መኖሩን ያሳያል። ከሌለ፣ ውክልና ያለው ሌላ ተጠቃሚ በ«ዩዘርሞድ» ይጨምረዋል፤ የመጨመሪያው «ኤ» ምልክት ከተዘነጋ ግን ሰውየው ከሌሎቹ ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ይወጣል። ለውጡ የሚጸናውም ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው።

የመጨረሻው ምክንያት ከሁሉ የከፋ ነው። «ሱ»ና «ሱዱ» ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ፋይላቸው የሩት ንብረት ሆኖ ልዩ ምልክት ስላለበት ነው። የዚህ ምልክት ፈልሳፊ ዴኒስ ሪቺ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል። በክልከላ የተሰላቸ ሰው በሥርዓቱ ፋይሎች ላይ በሙሉ የ777 ፈቃድ ቢሰጥ ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ለሁሉ እከፍታለሁ ያለው በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል። መፍትሔው ኮምፒዩተሩን በጥገና ሁናቴ አስነሥቶ ባለቤትነቱን ለሩት፣ ፈቃዱን ወደ 4755 መመለስ ነው። ጉዳቱ ከተስፋፋ መረጃውን አውጥቶ ሥርዓቱን እንደገና መጫን ይሻላል።

ባልደረቦቼ፤ ባለሙያ ርቆ በሚገኝበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መሣሪያ ተክለን ስንመለስ ቢያንስ ለሁለት ሠራተኞች በየስማቸው ውክልና እንስጥ፤ ይህንንም የምርመራ ቅደም ተከተል በአማርኛ ጽፈን እንተውላቸው።