ኮከቡ ምን ማለት ነው?
ስለ ፊልም ደረጃ መለኪያ የተደረገ ንግግር



ሐያሲው ብዙ ደክሞ የጻፈውን ሒስ አንባቢው ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ከርእሱ ሥር በተደረደሩት ኮከቦች ላይ ነው። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ሐያስያን ጥቂቶች አይደሉም። ዳሩ ግን ሰው ከኪሱ ከፍሎ ሲኒማ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚያ ምልክት ተማምኖ ስለሆነ፣ ምልክቱ ከማንኛውም አንቀጽ ያላነሰ ጥንቃቄ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1928 የኒውዮርኩ ዴይሊ ኒውስ ሐያሲ አይሪን ቲረር ለፊልሞች ኮከብ መስጠት ሲጀምሩ፣ ሦስት ኮከብ እጅግ ጥሩ፣ ሁለት ጥሩ፣ አንድ መናኛ ማለት መሆኑን፣ ኮከብ ያጣውም ጨርሶ መጥፎ መሆኑን ለአንባቢዎቻቸው አስታውቀው ነበር። የፈረንሳዩ መጽሔት ካዬ ዱ ሲኔማም እ.ኤ.አ. በ1955 የዐሥር ሐያስያንን ፍርድ በሠንጠረዥ ማውጣት ሲጀምር ለየምልክቱ ቃል ሰጥቶታል። ጥቁር ነጥብ ከቤት መውጣት አያሻም፣ አንድ ኮከብ ግድ ከሆነ ይታይ፣ ሁለት ይታይ፣ ሦስት ያለ ጥርጥር ይታይ፣ አራት ደግሞ ድንቅ ሥራ ማለት ነበር። ልብ በሉ፤ እስከ ሦስተኛው ኮከብ ድረስ መለኪያው «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ለሚል ተመልካች ይመልሳል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄውን ለውጦ ስለ ሥራው ክብር ይናገራል። እንዲህ ባለ ስመ ጥር መጽሔት እንኳ መሰላሉ በመጨረሻው እርከን ላይ ወደ ሌላ ግድግዳ ዞሯል።

ዛሬ በሰፊው የሚጠቀሰው የሮተን ቶሜቶስ መቶኛ የሚነግረን ከሐያስያኑ ስንቱ ፊልሙን እንደ ወደዱት እንጂ ምን ያህል እንደ ወደዱት አይደለም። ዐሥር ሐያስያን አንዱን ፊልም «ደህና ነው፣ ቢታይ አይጎዳም» ቢሉት መቶ ከመቶ ያገኛል፤ ስድስቱ የዘመኑ ታላቅ ሥራ ብለው አራቱ አምርረው የነቀፉት ግን ስድሳ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የትምህርት ቤት ልማድ ይጨመርበታል። ኀምሳ ከመቶ ማለፊያ ነጥብ ሆኖ ስላደግንበት፣ ከዐሥር አምስት የተሰጠው ፊልም ለጥቂት ከመውደቅ የዳነ ይመስለናል። ስለዚህም ሐያሲው ወደ ስድስትና ሰባት ይሸሻል፤ የመለኪያው የታችኛው ግማሽ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም የሚከፋው የማበረታቻ ኮከብ ነው። የአገራችን ፊልም ሠሪ በጥቂት ገንዘብ እንደሚደክም ሁላችን እናውቃለን። ይሁን እንጂ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው ከሌሎች አገሮች ፊልሞች ጋር ተወዳድሮ እንጂ ታዝኖለት አልነበረም። ድካሙን በጽሑፋችን እናመስግን፤ በኮከቡ ውስጥ ከደበቅነው ግን አንባቢው ያደነቅነው ድካሙን ይሁን ፊልሙን ሊለይ አይችልም።

እኔ የማቀርበው አራት እርከን ብቻ ያለው፣ ግማሽ የማይፈቀድበት መለኪያ ነው፤ ይኸውም «አይመከርም»፣ «ዓይነቱን ለሚወድ»፣ «ይታይ»፣ «ደጋግሞ ይታይ»። አራቱም ለአንድ ጥያቄ ይመልሳሉ። የመሐል ቁጥር እንዳይኖረው ሆን ብዬ አድርጌያለሁ፤ መሐሉ የሐያሲ መደበቂያ ነውና። ለምስል፣ ለድምፅና ለትወና ለየብቻ ነጥብ ተሰጥቶ ይደመር የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ነጥቡ ለየብቻው ቢጻፍ አልጠላም፤ ድምሩን ግን እቃወማለሁ። ንግግሩ የማይሰማ ፊልም በምስሉ ውበት አማካይ ነጥቡ ቢቃናለት፣ ተመልካቹ አሁንም አይሰማም።

መለኪያውን ሥራ ላይ ከማዋላችን በፊት ሁለት ሁለት እየሆንን አንድ ፊልም አይተን፣ ሳንመካከር ከአራቱ ቃላት አንዱን እንምረጥ። ስለ ፊልሙ ብንለያይ ምንም አይደለም። የተለያየነው በቃሉ ትርጉም ከሆነ ግን ቃሉ እንደገና ይጻፍ።