የማሞቂያው ሣጥንና የአስታማሚዋ እጅ



መሐንዲስ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚቆጥረው መሣሪያን ነው። ልማዱ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መባቻ ታርኒዬ የተባለው የፓሪስ ሐኪም በሙቅ ውኃ የሚሞቅ ሣጥን ካሠራ ወዲህ የክፍሉ አቅም በሣጥን ብዛት ሲለካ ኖሯል። ሣጥኑ ግን ያሞቃል እንጂ አይመግብም፤ ትንፋሹ የተቋረጠውንም ሕፃን አይቀሰቅስም።

ስለዚህ ስሌቱን ከሰው መጀመር ይገባል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በየ3 ሰዓቱ በቱቦ ወተት ይሰጠዋል። አንዱ ምገባ 15 ደቂቃ ቢፈጅና ለአንዲት ነርስ 10 ሕፃናት ቢደርሷት፣ ከ12 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ 10ሩ ሰዓት ለወተት ብቻ ያልቃል። መድኃኒቱ፣ ልኬቱ፣ መዝገቡ፣ እናትን ማነጋገሩ በቀሩት 2 ሰዓታት ይፈጸም ማለት ነው። የአንዱ ትንፋሽ በቆመ ጊዜ የ9ኙ ተራ ይቆማል። በዚህ መካከል እጅ መታጠብ ቢዘነጋ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የሂሳብ ውጤት ነው፤ ይህን ሳይረዳ ተግሣጽ የሚጽፍ አለቃ ግን አይጠፋም።

በብሪታንያ የሚሠራበት የሙያ መመዘኛ ለፅኑ ሕሙም ሕፃን 1 ነርስ፣ ለመካከለኞቹ 1 ለ2፣ ለቀለሉት 1 ለ4 ይመድባል። አንድ የሥራ ቦታ ሌትና ቀን እንዳይጓደል በሳምንት 168 ሰዓት ይሻል። ሠራተኛው 40 ሰዓት ቢሠራ ከ4 ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ ፈቃድና ሕመም ሲታከልበት ወደ 5 ይደርሳል። እንግዲህ 8 የፅኑ ሕሙማን አልጋ ማለት 40 ያህል ነርስ ማለት ነው። ለጨረታ በሚቀርበው የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ይህ ቁጥር አይታይም።

ጠጋኝ ባለሙያም እንዲሁ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በአዳጊ አገሮች ከተቈጠሩት የሕክምና መሣሪያዎች ወደ 40 ከመቶ የሚጠጉት ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አሳይቷል።

በቦጎታ ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሳቀፍ የጀመረው ሣጥንም ሠራተኛም ስላነሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው የአምስት አገሮች ሙከራ ደግሞ ይኸው እቅፍ ከወሊድ በኋላ ወዲያው ሲጀመር የሕፃናቱን ሞት ከ15.7 ወደ 12.0 ከመቶ ዝቅ እንዳደረገው አረጋግጧል። ይሁንና እናት ነርስን አትተካም፤ ያቀፈችውን የሚከታተልላት ሰው ያስፈልጋታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ መዝግቧል። አዲስ ክፍል ሲነደፍ የእናቶች አልጋ ከፕላኑ ላይ ይስፈር፤ መታጠቢያው ከየሣጥኑ በጥቂት እርምጃ ይሁን፤ በሌሊቱ ፈረቃ የሚገኙት ነርሶች ቁጥርም ከመሣሪያው ዝርዝር ጋር አብሮ ለፊርማ ይቅረብ።