በሽምግልና ዘመን የመጦር መብት፦ የሲዑድ ድጋፍ ለማን ይገባል?

ይህ ንግግር በሽኩና ጊሜል ሰፈር ለሚኖሩ አረጋውያንና ለልጆቻቸው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዓላማው የእስራኤል ብሔራዊ መድን ተቋም፣ ማለትም ቢቱአሕ ሌኡሚ፣ የሚሰጠውን የሲዑድ ድጋፍ ማስረዳት ነው። ሲዑድ የሚባለው የዕለት ኑሮውን ያለ ሰው እርዳታ መምራት የተሳነው አረጋዊ በገዛ ቤቱ እንዲጦር የሚያስችል አገልግሎት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሕግ የሚሰጥና ከመድን መዋጮ የሚሸፈን በመሆኑም መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም።

መብቱ የሚጀምረው በጡረታ ዕድሜ ሲሆን፣ ይህም ለወንድ 67 ዓመት፣ ለሴት ደግሞ እንደ ልደት ዘመኗ ከ62 እስከ 65 ዓመት ነው። አመልካቹ የእስራኤል ነዋሪ መሆንና ከመጦሪያ ተቋም ውጭ፣ በቤቱ ወይም በቤተሰቡ ዘንድ መኖር ይጠበቅበታል። ገቢውም ይመዘናል፤ የሚታየው ግን የራሱና የትዳር ጓደኛው ገቢ ብቻ ስለሆነ፣ የልጆች ደመወዝ የወላጅን መብት አያስቀርም።

ዋናው መስፈርት የጥገኝነት ምዘና፣ ማለትም አረጋዊው የሌላ ሰው እርዳታ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የሚለካበት ምርመራ ነው። ወደ ቤት የሚመጣው ባለሙያ ልብስ መልበስን፣ መታጠብን፣ መመገብን፣ መጸዳዳትንና ቤት ውስጥ መንቀሳቀስን፣ እንዲሁም አእምሮው በመድከሙ ጠባቂ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። ስለዚህ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በኢትዮጵያዊ ባህላችን ግን አረጋውያን ችግራቸውን ለእንግዳ መናገር ስለሚያፍሩ፣ ሌሊቱን በሰው ተደግፈው ያደሩ እናት መርማሪው ሲገባ እንደ ምንም ተነሥተው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ይህ ጨዋነት በቅጹ ላይ እንደ ጤንነት ይመዘገባል። በመሆኑም የዕለት ሁኔታቸውን የሚያውቅና ዕብራይስጥም አማርኛም የሚችል የቤተሰብ አባል በምዘናው ሰዓት አብሮ መገኘቱ እጅግ ያስፈልጋል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከመጡት መካከል የልደት ቀናቸው በግምት የተመዘገበ ብዙዎች ናቸው። በመታወቂያ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዕድሜ የሰፈረበት ሰው መብቱ ሊዘገይበት ስለሚችል፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የዕድሜ መወሰኛ ሕግ ፍርድ ቤት ዕድሜን እንዲወስን የሚፈቅድ መሆኑን አውቆ የሕግ ምክር መጠየቅ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2018 ወዲህ ድጋፉ ስድስት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ በአገልግሎት መልክ ሲሰጥ በሳምንት ከ5.5 እስከ 30 የእንክብካቤ ሰዓት ይደርሳል። ከሰዓቱ ከፊሉን በቀን መዋያ ማዕከል፣ በንጽሕና መጠበቂያ ዕቃዎች ወይም በአስቸኳይ ጥሪ መሣሪያ መተካት ይቻላል፤ አንደኛው ደረጃ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በገንዘብ ሊወሰድ ይችላል። ከጡረታ ዕድሜ በፊት በአካል ጉዳት ምክንያት ለረዳት የሚሰጠውን የልዩ አገልግሎት አበል ሲቀበል የቆየ ሰው ሁለቱን አጣምሮ ስለማይወስድ፣ ከመምረጡ በፊት ማነጻጸር ይኖርበታል።

ድጋፉ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ላለፈው ጊዜ ስለማይከፈል፣ መዘግየት የማይመለስ ኪሳራ ነው። የተከለከለ ሰው በውሳኔው ደብዳቤ በተጻፈው የጊዜ ገደብ ይግባኝ ሊል፣ ሁኔታው የከፋበትም ዳግመኛ ምዘና ሊጠይቅ ይችላል። ወላጆች ለራሳቸው መጠየቅን ስለሚያፍሩ፣ ማመልከቻውን መሙላትና ጉዳዩን እስከ መጨረሻው መከታተል የልጆች ኃላፊነት ነው።