ስለ ሥራ ቦርሳ አመራረጥ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በደባርቅ ከተማ ጧት በሁለት ሰዓት ገደማ በዋናው መንገድ ዳር የቆመ ሰው፥ የመንግሥት ሠራተኛው ካፖርቱን ወይም ጋቢውን ደርቦ ወደየመሥሪያ ቤቱ ሲጣደፍ ያያል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በስሜን ተራሮች ደጃፍ የተቀመጠች ስለ ሆነች ብርዷ የታወቀ ነው። ተመልካቹ ዓይኑን ከሰዎቹ ፊት ወደ እጃቸው ቢያወርድ፥ አንዱ የተላላጠ ቦርሳ በብብቱ ሸጉጦ፥ አንዲቱ የከበደ ቦርሳ ትከሻዋን አዝምሞባት፥ ሌላውም የመንግሥት ወረቀት በፌስታል አንጠልጥሎ ሲሄድ ያስተውላል። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ሥራ ቦርሳ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ትንሽ አለመሆኑን ግን እኔ የተማርሁት በሰው ጉዳት ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ይህንኑ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ለሥራ ዳባት ሰንብቼ ወደ ደባርቅ ልሻገር ስነሣ፥ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የጡረታ ማመልከቻቸውን ከነምስክሮቹ ፊርማ ደባርቅ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እንዳደርስላቸው አደራ ሰጡኝ። ወረቀቱን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲያስረክቡኝ፥ ከገጠር ቀበሌያቸው እስከ ዳባት ግማሽ ቀን በዝናብ በእግራቸው ተጉዘው ሳለ፥ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነካችውም ነበር።

የእኔ ቦርሳ በዚያን ጊዜ አዲስ ነበረ፤ ጥቁር፥ የሚያብለጨልጭ፥ ቢጫ ብረት የተለጠፈበት፥ ሲያዩት ቆዳ የሚመስል፥ ነገር ግን ቆዳ ያልሆነ። የገዛሁት መልኩን አይቼ ነው፤ ስፌቱን አልመረመርሁም፥ ባዶውንም አላነሣሁትም። ደባርቅ ደርሼ ከመኪና ስወርድ ማንገቻው ከሥሩ ተመዘዘና ቦርሳው ጐርፍ በሞላበት ቦይ ውስጥ ወደቀ። ዚፑም ጥርሱን ከሳተ ሰንብቶ ነበርና አፉን ከፍቶ ውሃውን ተቀበለ። ወረቀቱን ለቃቅሜ ሳወጣ የቀበሌው ማኅተም ወደ ሰማያዊ ጭጋግ ተለውጧል፤ የምስክሮቹም ፊርማ ፈስሷል። በዚህም የተነሣ ማመልከቻው ተቀባይ አጣ፤ እኒያ እናት ሦስቱን ምስክሮች ከየቤታቸው ለምነው እንደ ገና እስኪያስፈርሙ ድረስ ክረምቱ አለቀ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ «እማማ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላቸው፥ «አይ ልጄ፥ አንተማ ምን ታደርግ፤ ያመንኸው ዕቃ ከዳህ እንጂ» አሉኝ። ከቁጣ ይልቅ ምሕረታቸው ከበደኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ተረት በእኔ ተፈጸመ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፥ አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ቀድመው እንደ ፈቱት ተረዳሁ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበትን የቆዳ ማኅደር አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ማኅደር በግዕዝ ማደሪያ ማለት ነው። ሠሪው በመጀመሪያ መጽሐፉን ይለካል፤ ከዚያም ቆዳውን በመጽሐፉ ልክ ይቈርጣል፥ ክዳን ያበጅለታል፥ ጠፍር ያደርግለታል። ስለዚህ መጽሐፉ በውስጡ አይንገላታም፤ በቤት ሲሆን ከግድግዳ ይሰቀላል፥ በጉዞ ሲሆን ከትከሻ ይነገታል። ዛሬም በየመሥሪያ ቤታችን የባለጉዳይ ወረቀት የሚጠራቀምበትን አቃፊ «ማኅደር» ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ ራሱ፥ ወረቀቱ የእኛ ሳይሆን በእኛ ዘንድ ያደረ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን ያስታውሰናል። እንግዲህ የቦርሳ አመራረጥ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ ይኸውም ከቦርሳው መልክ ሳይሆን ከሚይዘው ነገር መነሣት ነው።

በቢሮ የምንሠራበት ኤ 4 የተባለው ወረቀት ቁመቱ 29.7 ሳንቲሜትር፥ ወርዱ 21 ሳንቲሜትር ነው፤ አቃፊው ደግሞ ከዚህ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ወረቀት ሳይታጠፍ እንዲገባ የቦርሳው ወርድ ከ36 እስከ 40፥ ከፍታው 30 ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ከዚህ የሰፋ ቦርሳ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ባዶ ቦታ ያየ ሰው መሙላቱ አይቀርምና።

ሁለተኛው ክብደት ነው። 80 ግራም ከሚባለው ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መቶው ቅጠል ግማሽ ኪሎ፥ 500 ቅጠል ያለው እሽግ ሁለት ኪሎ ተኩል ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ የእጅ ኮምፒዩተር የሚይዝ ሰው ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ይጨምራል፤ ምሳ ዕቃም አለ። በዚህ ላይ ቦርሳው ራሱ ባዶውን ሁለት ኪሎ ከሆነ፥ ባለቤቱ ገና አንዳች ሳያስገባ ሸክም ጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ፥ ቅርጹን እንዲይዝ የተጠቀጠቀበትን ወረቀት አስወጡና ቦርሳውን በአንድ ጣት አንጠልጥላችሁ ጥቂት ቆዩ። ጣታችሁ ቶሎ ከደከመ ትከሻችሁም መድከሙ አይቀርም። ባዶው ከአንድ ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሦስተኛው ጥንካሬ ነው። የበሬ ቆዳ ብርቱ ነው፥ ግን ይከብዳል። የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ በመሆኑ መጽሐፍ ጠራዦች ከጥንት ጀምሮ ሲመርጡት ኖረዋል። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተመሰገነ ለስላሳ ነው፤ ሆኖም ብዙ ለሚሸከም ቦርሳ ብቻውን አይበረታም። ወፍራም የጥጥ ሸራ ቀላልና የሚታጠብ ነው፤ ጉድለቱ ውሃ ማስገባቱ ሲሆን፥ ንጹሕ ሰም ተሽቶበት በሙቀት ሲቀልጥበት ግን ዝናብን ይመክታል። ናይለን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 በአሜሪካ በኬሚስቱ በዋላስ ካሮዘርስ የተገኘ ሲሆን፥ እጅግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የደጋ ፀሐይ ጨረሯ የበረታ ስለ ሆነ ቀለሙን ታነጣዋለች፥ ክሩንም ቀስ በቀስ ታደክመዋለች። ቆዳ መስሎ የተሠራው ርካሽ ላስቲክ ብርድና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፥ ይላላጣል። የእኔም ቦርሳ ከዚህ ወገን ነበረ።

ደግሞም ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚከዳው ማንገቻው ከገላው በሚገናኝበት ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ዞሮ በመካከሉም በመስቀል የተሻገረ እንደ ሆነ፥ ሸክሙ በብዙ ክር ላይ ይከፈላል፤ በአንድ መስመር ብቻ የተሰፋ እንደ ሆነ ግን አንዱ ክር ሲበጠስ ሌላው ይከተለዋል። ማንገቻው ከመቀመጫው ጀምሮ ገላውን አቅፎ የወጣ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይታመናል። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱት፥ ዝጉት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከያዘ ተዉት።

የአገሩንም ጠባይ አትርሱ። በደባርቅና በዳባት ማንገቻው የሚውለው በካፖርት ወይም በጋቢ ላይ ነውና፥ ቦርሳ ስትለኩ ደርባችሁ ለኩ። ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ሠራተኛም፥ ጧት በብርድ ተነሥቶ ወደ ሙቀት ስለሚገባ፥ ያወለቀውን ልብስ የሚያኖርበት ስፍራ ይሻል። ስለዚህ እርጥብ ልብስና ወረቀት እንዳይገናኙ ቦርሳው በመካከሉ መለያ ይኑረው፤ በክረምትም ወረቀቱን አስቀድማችሁ ውሃ በማያስገባ አቃፊ አድርጉት።

«ማማሩስ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ማማርን አልንቅም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ንጽሕናው ለባለጉዳዩ የአክብሮት ምልክት ነውና። ነገር ግን ውበት ከአገልግሎት ይወለዳል። በአሜሪካ በሜይን ግዛት ኤል ኤል ቢን የተባለው የንግድ ቤት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1944 ከወፍራም ሸራ ባለ ሁለት እጀታ ቦርሳ የሠራው በረዶ ለመሸከሚያ ነበር፤ ዛሬ የዚያ ዓይነት ቦርሳ በብዙ ከተሞች የቢሮ ሰዎች ጌጥ ሆኗል። የእኛም ዘንቢል ከዚሁ ወገን ነው፤ ሁለት እጀታ፥ ሰፊ አፍ፥ ቀላል ገላ። ስለዚህ ከጫማችሁ ጋር የሚስማማ አንድ ረጋ ያለ ቀለም፥ መሬት ሲያስቀምጡት ቀጥ ብሎ የሚቆም ቅርጽ፥ የተስተካከለ ስፌት ምረጡ፤ ብልጭልጩ ግን ይቅርባችሁ።

ስለ ፌስታል ብዙ አልናገርም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 513 ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከዚህ የጠበቀ ሌላ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉን የሚያስፈጽመው ሠራተኛ ራሱ የመንግሥትን ወረቀት በፌስታል ይዞ ቢታይ ምን ይባላል?

የተመኛችሁትን ከሱቅ ካጣችሁ፥ አንድ አቃፊ ይዛችሁ ወደ ቆዳ ሠሪ ወይም ወደ ሸራ ሰፊ ሂዱና በልክ አሠሩ፤ ሲላላም እርሱው ይጠግንላችኋል። ቀድሞ «ፋቂ» እየተባለ የተናቀው እጅ የአባቶቻችንን መጻሕፍት ከዝናብ የጠበቀ እጅ መሆኑን እያሰባችሁ፥ ዋጋውን በደስታ ክፈሉት። ቦርሳችሁ በረጠበ ጊዜ በጥላ አድርቁት እንጂ ወደ እሳት አታስጠጉት፤ ቆዳ በእሳት ሲደርቅ ይኮማተራል፥ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል።

እኔም ዛሬ የምይዘው እንዲህ በልክ የተሠራ ተራ የሸራ ቦርሳ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኒያ እናት በሚቀጥለው ዓመት መንገድ ላይ አግኝተውኝ ስፌቱን በጣታቸው ፈትነው፥ «ይኸኛው መቀነት ይመስላል» አሉኝ። ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና ለአንድ ቦርሳ የሚገኝ አይመስለኝም። እናንተም ቦርሳችሁን በምትመርጡበት ጊዜ፥ በመቀነት ታስሮ ደርቆ የደረሰ የሰው ጉዳይ በእናንተ እጅ እንዳይረጥብ አድርጋችሁ ምረጡ።