ስለ ድመታችን ስለ ጉና

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ታላቅ ጉዳይ እንድንናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። የእኛ ንግግር ግን በመጻሕፍት ቤቱና በዕቃ ቤቱ መካከል ስለምትኖረው ስለ ድመታችን ስለ ጉና ነው።

ስሟን ያወጣንላት ገና ግልገል ሳለች ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ስም ለዚያች ሚጢጢ ፍጥረት መሰጠቱ ያስቀን ነበር። በኋላ ግን ስሙ ልኳ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከታች ጋይንትና ከስማዳ፣ ጥቂቶቻችንም ከእስቴ መጥተን፣ በነፋስ መውጫ ቤት ተከራይተን፣ ከወላጆቻችን ቤት ስንቅ እያመጣን የምንማር ነን። ከእናቱ ርቆ የሚኖር ልጅ ጉልበቱ ላይ ወጥታ የምታንኮራፋ ድመት ሲያገኝ ልቡ ይራራል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከምሳችን ላይ ቆረስ እያደረግን እንሰጣት ነበር። ያም ሲሰጥ፣ ይህችም ስትሰጥ፣ ሁሉም «እኔ የምሰጣት ጥቂት ናት» ይል ነበር።

ባለፈው መስከረም ሆዷ ተንዘርጥጦ ብናየው ያረገዘች መሰለን። በዚህም እጅግ ተደስተን፣ «ነፍሰ ጡር ናትና ይጨመርላት» ተባብለን እንጀራውንም፣ ወተቱንም፣ ድንቹንም አበዛንላት። የድመት እርግዝና ሁለት ወር ያህል እንደሚፈጅ ተምረን ስለ ነበር ቀን ቆጠርን። ሁለቱ ወር አልፎ ሦስተኛው ተጋመሰ። የመጣ ግልገል ግን የለም።

በዚያው ጊዜ አይጦች በዕቃ ቤቱ ሠለጠኑበት። የግብርና ክበብ ጓደኞቻችን ለዘር ያስቀመጡትን የገብስ ጆንያ ቀደዱት፤ የመጻሕፍት ጠርዝም ከረከሙ። ጉና ግን ዘበኛችን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ከሚያነዱት እሳት አጠገብ ተኝታ አይጥ በፊቷ ሲያልፍ በዓይኗ ብቻ ትሸኘው ነበር። ከገበያ መርዝ ተገዝቶ ይበተን የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ግን ደነገጥን። መርዝ የበላውን አይጥ ድመት ብትበላው እርሷም ልትሞት ትችላለችና።

ስለዚህ ጉናን በዘንቢል ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሙም ሆዷን ዳብሰው፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ግልገል ሳይሆን ጮማ ነው» አሉን። የጎን አጥንቷን በእጃችን እንድንፈልግ አዘዙን። ጤነኛ ድመት ስትዳሰስ የጎኗ አጥንት በቀላሉ ይገኛል፤ ከላይ ስትታይም ወገቧ ሰርጎድ ያለ ነው። የጉና አጥንት ግን በስብ ተሸፍኖ ነበር። በእህል ነጋዴ ሚዛን ብትመዘን 6 ኪሎ ሆነች፤ ለቁመናዋ የሚገባት ግን ከ4 ኪሎ ተኩል ብዙም ያልራቀ ነበር።

እንዲህ ያለ ውፍረት ለስኳር በሽታና ለመገጣጠሚያ ሕመም ያጋልጣል። ድመቲቱ ጀርባዋን እንኳ ልሳ ማጽዳት ይሳናታል። በአሜሪካን አገር የቤት ድመቶች ከግማሽ የሚበልጡት ከልክ በላይ የወፈሩ መሆናቸው ተጽፎ አንብበናል። እኛ ግን ይህ ነገር በጋይንት ይሆናል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ወዲያው፣ «እንግዲያስ ጥቂት ቀን እናስጹማት» አለ። ሐኪሙ ግን አጥብቀው ከለከሉን። የወፈረች ድመት ለጥቂት ቀናት እንኳ ምግብ ብትነፈግ ስቧ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ድመት ክብደቷን መቀነስ ያለባት በዝግታ ነው፤ በሳምንት ከመቶ ሁለት እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ምሳሌ የተነገረው ለነቀፋ ነው። እኛ ግን እውነትነቱን ከሳይንስ ተማርን። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በሊታ ናት፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልገው ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር የሚገኘው ከሥጋ ነው። በፍቅር እናጎርሳት የነበረው ሽሮ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ደሟን የሚጎዳ ነበር። ወተትም ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ሆድ አይስማማም።

ከዚህ በኋላ በመጀመሪያ ያደረግነው መቁጠር ነው። አንድ ቀን ተደብቀን ብንጠባበቅ ጉናን ያበሉ እጆች 23 ሆኑ! ሌባ ስንፈልግ ሌቦቹ እኛው ሆነን ተገኘን። ስለዚህ ሦስት ነገር ወሰንን።

አንደኛ፣ የምታበላት እጅ አንዲት ብቻ እንድትሆን በሳምንት ተራ አወጣን። ሁለተኛ፣ ምግቧ በቀን ሁለት የቡና ሲኒ የተቀቀለ ቀይ ሥጋና ሳንባ ሆኖ፣ ከአራት ተከፍሎ እንዲሰጣት አደረግን። ይህንንም ከሥጋ ቤት ከሚጣለው ቁርጥራጭ አገኘን። ሥጋ ቤቱ በዐቢይ ጾም ሲዘጋ የተቀቀለ እንቁላል ተካንላት። ሦስተኛ፣ በገመድ ጫፍ የዶሮ ላባ አስረን ጠዋትና ማታ አሯሯጥናት፤ ምግቧንም በየጥጉ እየደበቅን በአፍንጫዋ እንድትፈልገው አደረግን።

በዚያን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዱ በስብሰባ ተነሥቶ፣ «አያቶቻችን በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ያዩበት አገር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ናቸው። በዚህ አገር ድመት ለማክሳት መድከም አያሳፍርምን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ አንሥቀንም፤ አልተቆጣንም። የመለስንለትም እንዲህ ብለን ነው። ሃያ ሦስቱ ጉርሻ እናቶቻችን ከጎታቸው ጠርገው የሰጡን ስንቅ ነበር፤ አሁን በየምሳችን ላይ ይቀራል። በአይጥ የሚያልቀውም ገብስ የገበሬ ላብ ነው። ድመት ከጥንት ጀምሮ ወደ ሰው የተጠጋችው በጎተራው ዙሪያ ያለውን አይጥ ተከትላ ነው። እኛ ከሥራዋ አስወጥተን ጡረተኛ አደረግናት እንጂ እርሷ አልበደለችንም። ጓደኛችንም ይህን ሰምቶ የሚቀጥለውን ሳምንት ተራ ራሱ ወሰደ።

መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭንቅ ነበሩ። ጉና በየደጁ እየዞረች ስትጮኽ ሆዳችን ተላወሰ። አንዳንዶቻችንም በስውር አጉርሰናታል፤ ሚዛኑ በአንድ ወር ምንም ለውጥ ሳያሳይ ሲቀር ግን ምስጢራችን ተገለጠ። ከዚያ በኋላ በወር 200 ግራም ያህል እየቀነሰች ሄደች። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት አባባ በር ላይ ቆመው ጠሩን። ጉና በአፏ አይጥ ይዛ ነበር። ያን ቀን የጮኽነውን ያህል ለኳስ ጨዋታ እንኳ ጮኸን አናውቅም! ዛሬ 4 ኪሎ ከ700 ግራም ትመዝናለች፤ የጎኗም አጥንት ይዳሰሳል።

የተከበራችሁ እንግዶች ሆይ! እኛ ከዚህ የተማርነው፣ የሚወዱትን መመገብ ቀላል ሲሆን በልክ መመገብ ግን መተባበርን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ነው። ጉናን ያወፈራት የአንድ ሰው ጥፋት ሳይሆን፣ እርስ በርሱ ያልተመካከረ የብዙ ሰው ደግነት ነበር።

ንግግራችንን የምንፈጽመው በአንዲት ልመና ነው። ጥቂት ቆይቶ የበዓሉ ግብዣ ይቀርባል። ጉናም በየወንበሩ ሥር እየዞረች፣ ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ሆና በእግራችሁ ትታከካለች። እባካችሁ አትመኗት! የዛሬ ምግቧን ጠዋት በሲኒው ለክተን ሰጥተናታል። የምታጎርሱት ካላችሁ ከአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው አጉርሱ።